ክልል ከሆንን ወዲህ ለናንተ ምን ተቀየረ? የምር መልስ ነው የምፈልገው

ጠመኔ_ዘዲላ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ከመንገድ ገብቼ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፣ ንዴት ንዴት ካለው ይቅርታ። መምህር ነኝ፣ ዲላ አካባቢ ነው የማስተምረው። የባለቤቴ ዝውውር ክልል ደርሶ ስለቆመ ሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ወጥቼ ወደ ሶዶ ተነሳሁ። አሁን መንገዱን ልብ በሉልኝ። ከዲላ ሀዋሳ፣ እሱ ሲዳማ ክልል ነው። ከሀዋሳ ሻሸመኔ፣ እሱ ኦሮሚያ ነው። ከሻሸመኔ ሀላባ ቁሊቶ፣ እሱ ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ነው። ከዛ ቦዲቲን አልፈህ ሶዶ ትገባለህ፣ እንኳን ለገዛ ክልልህ አበቃህ። የራሴ ክልል መቀመጫ ለመድረስ የሶስት ክልል አፈር ረግጬ ነው የምገባው። ጌዴኦ እንደምታውቁት ዙሪያውን ኦሮሚያና ሲዳማ ነው፣ ከቀረው ደቡብ ኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘን መሬት የለም። ድሮ ደቡብ እያለን ሀዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ጠዋት ሄደህ ጉዳይህን ጨርሰህ ራትህን ቤትህ ትበላ ነበር።

ሶዶ ስደርስ ጉዳዩን የያዘው ሰውዬ አርባ ምንጭ ስብሰባ ገብቷል ተባልኩ። ፀሀፊዋ ጥሩ ልጅ ናት፣ ውሃም ሰጠችኝ፣ "መምህር ነገ ይመለሱ ይሆናል" አለችኝ። አልጋ ያዝኩ። በማግስቱ ስብሰባው ተራዘመ። ፋይሌ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በመስኮት ይታየኛል፣ ሰማያዊ ነው፣ ላዩ ላይ ሻይ ብርጭቆ ያስቀመጠበት ክብ ምልክት አርፎበታል። ማህተሙ ሳይመታ ሻዩ መታበት። ረቡዕ ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ ትራንስፖርትና አልጋ ተደምሮ ምን ያህል እንደወጣ ለባለቤቴ እንኳን አልነገርኳትም፣ ያውም የባለፈው ወር ደሞዝ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ በገባበት።

ጥር 29 ቀን 2015 በክልልነቱ ሪፈረንደም እኔም ተሰልፌ ደግፌ ድምፅ ሰጥቻለሁ፣ አልክድም። አገልግሎት ወደ ህዝቡ ይቀርባል ስለተባለ ነው የሰጠሁት። እና ጥያቄዬ፣ ለማን ቀረበ? አዲስ ክልል የሆናችሁ ሁሉ በየቦታችሁ ያያችሁትን ብትነግሩኝ። "ልማት"፣ "ኮሪደር" ምናምን የሚል ካድሬ እባካችሁ አይምጣብኝ።

የወረዳ_ሒሳብ

መምህር አይዞህ። እኔ አንድ ወረዳ ፋይናንስ ነው የምሰራው (ወረዳውን አልልም፣ እንጀራዬ ነው)፣ ስለ ፖለቲካው ሌላው ይበል፣ እኔ ስለ ብሩ ልንገርህ።

ሰው የማያውቀው ነገር ምንድነው፣ ክልል ሲጨመር ከፌዴራል የሚመጣው ብር በክልሉ ቁጥር ልክ አይጨምርም። ድጎማው አንድ ቋት ነው፣ ቀመሩን የሚያወጣው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ የህዝብ ብዛት፣ የወጪ ፍላጎት፣ ራስህ መሰብሰብ የምትችለው ገቢ እየታየ ይከፋፈላል። ደቡብ ክልል ሲፈርስ የደቡብ ድርሻ ነው ለአዲሶቹ የተቆራረሰው። ቤተሰብ ሲለያይ ድስቱ ይጨምራል እንጂ ሽሮው አይጨምርም። ድስት ስልህ ምንድነው፣ አዲስ ርዕሰ መስተዳድር፣ አዲስ ካቢኔ፣ አዲስ ምክር ቤት፣ አዲስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሃያ ምናምን ቢሮ፣ ለያንዳንዱ ቢሮ ኃላፊ፣ ምክትል፣ መኪና፣ ሹፌር፣ የቢሮ ኪራይ፣ አበል። ይሄ ሁሉ ከዛችው ሽሮ ነው የሚወጣው።

ከዛ የተረፈው ነው ብሎክ ግራንት (ጥቅል ድጎማ) ሆኖ ወደ ወረዳ የሚወርደው። ወረዳ ላይ ደግሞ አብዛኛው በጀት ደሞዝ ነው፣ መምህር፣ ጤና ባለሙያ፣ የግብርና ሰራተኛ። ስለዚ ከላይ አንድ ነገር ሲጎድል መጀመሪያ የሚነካው ያንተ ደሞዝ ነው፣ ሌላ የሚቆረጥ ነገር የለማ! ካፒታል በጀት የሚባለውማ ወረቀት ላይ ነው የቀረው፣ አንድ የምንጭ ግንባታ ጀምረን ቱቦው ግቢያችን ውስጥ ሳር በቅሎበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል።

ሌላው ማንም የማያወራው የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ገበሬው ማዳበሪያ በብድር ሲወስድ ለባንኩ ዋስ የሚሆነው ክልሉ ነው። ገበሬው ካልከፈለ ከክልሉ ድጎማ ይቆረጣል፣ ክልሉ ከወረዳው ይቆርጣል፣ ወረዳው ከማን ይቁረጥ? እንግዲህ የገበሬው ዩሪያ በመምህር ደሞዝ ተከፈለ ማለት ነው። ለፍትህ ያህል ይሄ ችግር ክልሉ ሳይከፈልም ነበረ፣ ክፍፍሉ አልፈጠረውም። ግን ትልቁ ክልል እያለ ከአንዱ ዞን ወስዶ ለሌላው ማሸጋሸግ ይቻል ነበር፣ አሁን ማን ለማን ያሸጋሽጋል።

ሻፌታ_12

የፋይናንሱ ወንድሜ ያለውን አነበብኩ፣ ስሌቱ ልክ ነው፣ ግን ክልልነትን በሽሮ ብቻ የሚለካ ሰው ክልል ያልተከለከለ ሰው ነው። እኔ የሲዳማ ልጅ ነኝ። ህዳር 10 ቀን 2012 በሪፈረንደሙ ሻፌታውን (ክልል እንሁን የሚለውን ምልክት) የመረጠው 98.5 ፐርሰንት ነው፣ ጎጆዋን (ደቡብ ውስጥ እንቆይ የሚለውን) የመረጠ እፍኝ አይሞላም። ያ ሁሉ ሰው መንገድ ይሰራልኛል ብሎ ብቻ አይደለም የተሰለፈው። ግንቦት 16 ቀን 1994 ሎቄ ላይ የሀዋሳ ነገር ይመለከተናል ብለው ባዶ እጃቸውን የወጡ ሰዎች ተገድለዋል፣ ሐምሌ 2011 ላይም ሰው አልቋል፣ ሲዳማም ሌላውም፣ የሌላውንም አልረሳም።

የሚታይ ነገር ከፈለጋችሁ፣ አያቴ የመሬት ክርክር ነበረባት። ጉዳዩ ይግባኝ ተብሎ ክልል ሲደርስ ቋንቋው አማርኛ ነው፣ እሷ አማርኛ አታውቅም። ዳኛው አንዴ ጠየቃት፣ አስተርጓሚው ረጅሙን ንግግሯን በሁለት ቃል ጨረሰው። እሷ ዝም ብላ አየችውና ወደኔ ዞራ በሲዳምኛ "የኔን ነገር የት ጣለው?" አለችኝ። አሁን የክልሉ የስራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። አያቴ አልደረሰችበትም፣ እናቴ ግን ደርሳበታለች። ይሄን በየትኛው ቀመር ታስገባዋለህ?

ችግር የለም አላልኩም። ሀዋሳ የቤት ኪራይ አይቀመስም፣ ስራ ፈላጊው መአት ነው፣ ባለስልጣኑም የኛው ልጅ ሆኖ በሩን ዘግቶብን ያውቃል። ግን የኛ ልጅ ስለሆነ በአፋችን እንሰድበዋለን፣ ያም ትንሽ ነገር አይደለም ሃሃ።

ክፍለሀገር_ይመለስ

ለዚህ ሁሉ መፍትሄው አንድ ነው፣ የድሮው 14 ክፍለ ሀገር ይመለስ በቃ። ያኔ ሰው በዘር አይከፋፈልም፣ ሁሉም ሰላም ነበር።

የወረዳ_ሒሳብ

@ክፍለሀገር_ይመለስ ወንድሜ የትኛው "የድሮው"? በጃንሆይ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት ነበር፣ ደርግ ክፍለ ሀገር አለው፣ ራሱ ደርግ በ1980 ግድም አፍርሶ 24 የአስተዳደር አካባቢና 5 ራስ ገዝ አደረገው፣ በ1984 ደግሞ 14 ክልል ሆነ፣ ከ7 እስከ 11 የነበሩት ተጨፍልቀው ደቡብ ሆኑ፣ ህገ መንግስቱ ሲፀድቅ 9 ተባለ። ካርታው ያልተቀደደበት ዘመን ካለ ንገረኝና እሱን እናምጣ።

ከቦንጋ_በታች

ዲላ ላይ ያለኸው መምህር፣ ያንተ ያሳዝናል፣ የኛ ግን ተቃራኒው ስለሆነ ልናገር። እኔ ካፋ ነኝ። እኛ ሀዋሳ ለመሄድ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ወጥተን ነበር ቁልቁል ወደ ሀዋሳ የምንታጠፈው። አንድ ወረቀት ለማስፈረም አዲስ አበባ ማደር! ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከማጂ የሚመጣውን ሰው ደግሞ አስበው። አባቴ የጡረታውን ነገር ሊያስጨርስ ሄዶ ስምንት ቀን ቆይቶ ሲመለስ እናታችን ሞቷል ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። መስከረም 20 ቀን 2014 ደቡብ ምዕራብ ክልል ለመሆን ድምፅ ስንሰጥ የኔ ሰፈር ሰው ስለ ብሔር አላወራም፣ ስለ አውቶብስ ነው ያወራው።

እና ቀረበ ወይ ካልከኝ ለኛ ቀርቧል፣ በግልፅ። ቦንጋ ጠዋት ሄጄ ከሰዓት እመለሳለሁ። ግን እዚህም የናንተው በሽታ አለ፣ ማንም እንዳይከፋው ተብሎ ክልሉ አራት ከተማ ላይ ተበትኗል፣ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒ። ርዕሰ መስተዳድሩ ቦንጋ፣ ምክር ቤቱ ተርጫ። ፖለቲካው ይገባኛል፣ ዋና ከተማ ማለት ቢሮ፣ ሆቴል፣ ኪራይ፣ የባንክ ቅርንጫፍ፣ ኮብልስቶን ነው፣ ማንም ለጎረቤቱ አይተውም። ግን መኪናው ነዳጅ ይጠጣል፣ ፋይሉ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው።

የናንተ ደግሞ ስድስት አይደል? ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላ፣ ካራት። እኔ መቼም ስድስት ልብ ያለው ሰው አላየሁም።

ጠመኔ_ዘዲላ

አዎ ስድስት ነው። ዲላም እኮ የዳኝነቱ መቀመጫ ተብላለች፣ ስለዚ ሰው ብከስ እዚሁ ቅርብ ነኝ ማለት ነው 😄 ጂንካ ያለ ሰው ደግሞ ይግባኝ ሊል እኔ ሰፈር ድረስ ይመጣል። የሱን መንገድ ሳስብ የኔ ንዴት ትንሽ ቀለል አለኝ።

ዳሞታ_ስር

እንደ ሶዶ ልጅ ትንሽ ከፋኝ መምህር። ፖስትህን ያነበበ ሰው እኛ ወላይታዎች ፈልገን ያመጣናችሁ ነው የሚመስለው። ወላይታ የጠየቀው ለብቻው ክልል መሆን ነው፣ ዞን ምክር ቤቱ ታህሳስ 2011 በሙሉ ድምፅ ወስኖ አስገብቷል፣ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 47 ላይ በአንድ አመት ውስጥ ሪፈረንደም ይደረጋል ይላል። አልተደረገም። ነሐሴ 2012 መሪዎቹ ታሰሩ፣ ሶዶ ውስጥ ወጣቶች ሞቱ። ከዛ የመጣልን ምርጫ ክላስተር (ዞኖችን ሰብስቦ አንድ ክልል ማድረግ) ነው፣ ግባ ወይም አትግባ። እሱንም ጥር ላይ መርጠን ምርጫ ቦርዱ ግድፈት አለበት ብሎ የኛን ዞን ሰረዘና ሰኔ 12 ደግመን ተሰለፍን። በአመት ሁለቴ ጣታችን ላይ ቀለም የተቀባን እኛ ነን።

ከማን ጋር ትሆናለህ የሚለው ጥያቄ ለኛ አዲስ አይደለም። በ1992 "ወጋጎዳ" ብለው የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋን፣ የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅለው መማሪያ መፅሀፍ አሳትመው ላኩብን። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አስተማሪያችን መፅሀፉን ገልጦ አንድ አረፍተ ነገር አነበበና ራሱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ከተማው ሲነሳ ሳቁ ቀረ፣ ሰው ሞተ። መፅሀፉም ተሰበሰበ፣ ሰሜን ኦሞ ዞንም ፈረሰ። ሃያ አመት ቆጥረው ደግሞ ያንኑ ጎረቤት ሰብስበው ክልል አደረጉን፣ ዳውሮ ብቻ አመለጠ። ጎረቤቶቼን አልጠላም፣ እህቴ ጋሞ ነው ያገባችው፣ ግን ሰው እጁን ተይዞ ሲጋባ እንዲህ ነው የሚሆነው።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ሶዶ ያለነውም ደሞዝ እንደናንተው ነው የሚዘገይብን። የተጠቀመው አከራይ ነው። ከኛ ጎን ያለ ባለ ፎቅ ሰውዬ ሁለተኛውን ፎቅ ለቢሮ አከራይቶ ሶስተኛውን እየጨመረ ነው።

ጀፎረ

የናንተ ቢያንስ ተጠይቋል። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ማንን ጠየቀ? ሌሎቹ ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ እኛ የቀረነው ትራፊ ነን፣ ስሙ ተቀየረ፣ በቃ ክልል ተባልን። ጉራጌ ዞን ክልል ልሁን ብሎ ህዳር 2011 ወስኗል። ክላስተር ግቡ ሲባል ምክር ቤቱ ህዳር 2015 ላይ 52 ለ 40 አልፈልግም ብሏል፣ በዚህ አገር የዞን ምክር ቤት እንዲህ ብሎ ድምፅ ሲሰጥ እኔ በህይወቴ አላየሁም። ወልቂጤ ሱቅ ዘግቶ ቤቱ ተቀመጠ። ውጤቱ? ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ መቀመጫ ሆሳዕና። ጉራጌው ራሱ ምስራቅ ጉራጌ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፣ ቀቤናና ማረቆም ልዩ ወረዳ ሆኑ። እሱ እንኳን የነሱ መብት ነው፣ እኛ ለራሳችን የጠየቅነውን ለነሱ አልከለክልም፣ ስልጤም በ1993 በድምፅ ነው ከኛ የወጣው፣ ዛሬ ወራቤን ሄዳችሁ እዩ፣ ያኔ ምን ነበረች?

የዋናው ጥያቄ መልስ ግን ውሃ ነው። የካቲት 2015 ወልቂጤ ላይ ሴቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው ውሃ ጠፋ ብለው ወጡ፣ ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ያ ሁሉ ስብሰባ ስለ ክላስተር በሚደረግበት ሰሞን ነው። አክስቴ ያን ቀን ጀሪካኗን ጥላ ሮጠች፣ በኋላ ስንጠይቃት "ክልሉን የፈለገ ይውሰደው፣ ቢጫዋን ጀሪካኔን ማን ወሰዳት" ነው ያለችው። ቤተሰቡ እስካሁን ይስቃል፣ እሷ ግን አትስቅም።

ሎኬሽን_ሆሳዕና

ከጆበርግ ሰላም። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቅ አለኝ፣ አሁንም ካውንተር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ጀፎረ ወንድሜ መቀመጫው ሆሳዕና ስለሆነ የተለየ ነገር ያገኘን እንዳይመስልህ። ወንድሜ እዛ ጤና ጣቢያ ነው የሚሰራው፣ ደሞዙ ሲዘገይ የሚደውለው ለኔ ነው። እና የመንግስት ደሞዝ የሚከፈለው በኔ ዳቦና ኤርታይም ሽያጭ ነው ማለት ነው። እዚህ ካሉት ልጆች ግማሹ እንዲሁ ነው፣ አንዱ ወንድሙን መምህር፣ አንዱ እህቱን ነርስ ይደጉማል። ክልሉ አያውቀንም እንጂ እኛም ድጎማ ሰጪ ነን፣ ያለ ቀመር።

እዚህ አገር ያየሁትን ልጨምር። ደቡብ አፍሪካ እስከ 1994 በነሱ አቆጣጠር 4 ክፍለ ሀገር ነበራት፣ አፓርታይድ ሲወድቅ 9 አደረጓት፣ የጥቁሮቹን ሆምላንድ (አፓርታይድ ለጥቁሮች ለይቶ የከለለውን ግዛት) ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብተው። ምስራቅ ኬፕ የሚባለው ትራንስካይና ሲስካይ የሚባሉ ሁለት ደሃ ሆምላንዶች ከነ ሰራተኛቸው፣ ከነ ቢሮ ድርድራቸው የተከመሩበት ነው። ይሄው ሰላሳ አመት አለፈ፣ እዛ የተወለደ ልጅ አሁንም ስራ ፍለጋ ወደዚህ ወደ ጆበርግ ነው የሚመጣው፣ ከኔ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ጎማ ቤት ሰራተኛው በሙሉ ከዛ ነው። ድንበር መስመር ብቻ ነው፣ ብር አያስከትልም። በነሱው አቆጣጠር በ2016 ደግሞ ሊምፖፖ ውስጥ ቩዋኒ የሚባል ቦታ አዲስ ማዘጋጃ ውስጥ ተካለላችሁ ሲባሉ ህዝቡ ተቆጥቶ ከ20 በላይ ትምህርት ቤት አቃጠለ። የራሳቸውን ልጆች ትምህርት ቤት! እኔ ያኔ ዜናውን ሳይ ወይ ሰው፣ አገሬ ብቻ መስሎኝ አልኩ።

ዋና ከተማ መበተኑን ግን አትሳቁበት፣ እዚህም ፓርላማው ኬፕታውን፣ መንግስቱ ፕሪቶሪያ፣ ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ብሉምፎንቴን ነው። ልዩነቱ መንገድና ኢንተርኔት አላቸው፣ ለአንድ ማህተም ሰው በአካል አይንከራተትም። ዋናው ጥፋት እሱ ነው መሰለኝ፣ ከተማውን በትነው ፋይሉን አልበተኑትም። ኧረ ደንበኛ መጣ።

የወረዳ_ሒሳብ

@ሎኬሽን_ሆሳዕና ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን ፋይሉን ኦንላይን እናድርግ ያለ ሰው ኔትወርክ ያለበት ወረዳ ነው የሚኖረው። እኛ ጋ መብራት ከሄደ ሶስት ቀን ነው፣ ይሄን በስልክ ካርድ ነው የምጽፈው። @ሻፌታ_12 ያንተም ሀሳብ ገብቶኛል፣ የአያትህን ነገር ሁለቴ አነበብኩት። እኔ የምለው ክልል አትሁኑ አይደለም። ሪፈረንደሙ ላይ አንድ ወረቀት አብሮ ይቅረብ፣ ክልል ብትሆን የመጀመሪያው አመት በጀትህ ይሄ ነው፣ ቢሮ ለማቋቋም ይሄን ያህል ይሄዳል፣ ለጤና ጣቢያህ ይሄን ያህል ይቀራል የሚል። ሰው እሱን አይቶ አሁንም እሺ ካለ ጌታ ነው። እኛ ግን ስዕል ብቻ አይተን ነው የምንመርጠው።

ሻፌታ_12

ወረቀቱን ብታመጣልንም 98.5 ነበር 😀

ዳሞታ_ስር

መምህር ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት፣ አትያዝብኝ። ባንተ አይደለም የተናደድኩት። ያ ሰውዬ ከአርባ ምንጭ ዛሬ ማታ ይመለሳል ብለዋል፣ አንድ የማውቀው ልጅ እዛው ግቢ ውስጥ አለ፣ ጠይቄልህ ነው። በአካል መምጣት ግድ ነው ወይስ በውክልና ይሆናል የሚለውን ነገ ጠዋት ጠይቄ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ። ከመጣህ ደግሞ አልጋ አትያዝ፣ እኛ ቤት ታድራለህ።

ጠመኔ_ዘዲላ

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እኔም እንደ ሶዶ ሰው ጥፋት አድርጌ መጻፌ ልክ አልነበረም። በውክልና ከሆነ እልል ነው። መምጣት ግድ ከሆነ ሐሙስ እነሳለሁ፣ አንድ ኪሎ ይርጋጨፌ ይዤ እመጣለሁ፣ የተቆላ ይሻላል ወይስ ጥሬ? እና እባክህ ልጁን ፋይሉ ላይ ብርጭቆ እንዳያስቀምጡ በልልኝ።